ከግድቡ እስከ ባልባላ ጠረጴዛ

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የዛሬው ትረካ የአንድ ሽቦ ትረካ ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ ይነሳል፤ ድሬዳዋን ይረግጣል፤ የአዲጋላን ሜዳ ያቋርጣል፤ ድንበር ተሻግሮ ጅቡቲ ከተማ ይገባል። ስለዚህ ሽቦ ያወሩ ብዙ ናቸው፤ ስለ ወደብ፣ ስለ ባቡር፣ ስለ ሁለት አገር ወዳጅነት እያነሱ ያወራሉ። እኔ የምነግራችሁ ጫፉ ላይ ስላለው ነገር ነው፤ ባልባላ በሚባለው የከተማዋ ሰፈር ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ጠረጴዛ ላይ ስለተቀመጠ ኮምፒውተር።

ጅቡቲን ለማታውቁ በመጀመሪያ ሙቀቷን ልንገራችሁ። ሰኔ ሲገባ ካምሲን የሚሉት ነፋስ ከምዕራብ ይነሳል። አሸዋ ይዞ ይመጣል፤ በር ቢዘጉበት በመስኮት፣ መስኮት ቢዘጉበት በስንጥቅ ይገባል። ቀኑ ከ40 ዲግሪ በላይ ይግላል። ሌሊቱም ቢሆን ከ30 ዝቅ ማለት ይከብደዋል። ካምሲን ፋታ በሰጠ ጊዜ ደግሞ ከባሕሩ ወበቅ ይተካል፤ ጨዋማ እርጥበት ነው፤ የበር ማጠፊያ በአንድ ዓመት ያዝጋል። እንግዲህ ይህ አየር ከሰው ልጅ አስቀድሞ የሚጎዳው ብረትንና ባትሪን ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዚህች ከተማ መሥሪያ ቤት የሚዘጋው ገና ከሰዓት በኋላው ሳይገፋ ነው። ጫቱ ከኢትዮጵያ ይደርሳል፤ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ይገባል፤ አየር ማቀዝቀዣ ያለው ይከፍታል። እዚህ በፈረንሳይኛው ልማድ ክሊም ይሉታል። የከተማዋ ክሊም በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲከፈት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በዚያው ሰዓት የቤት ኮምፒውተሮችም ይከፈታሉ። ብዙ ሰው ሁለተኛ ሥራውን የሚሠራው ቤቱ ነውና። ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላዩ በዚህች ከተማ ያልፋል። ዕቃው በኮንቴይነር ቢያልፍም ወረቀቱ የሚያልፈው በኮምፒውተር ነው። ለትራንዚተሮች ሰነድ የሚያዘጋጁ አሉ፤ የሱቅ ሂሳብ የሚይዙ አሉ፤ የሠርግ ቪዲዮ የሚቆርጡ አሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም አሉ፤ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሌሊት ሌሊት የሚጽፉ። ከባሕሩ ሥር የሚመጡት ትላልቆቹ የኢንተርኔት ገመዶች የሚያርፉት እዚሁ ጅቡቲ ነው፤ የኢትዮጵያም ኢንተርኔት አንዱ መውጫ በዚህ በኩል ነው። ስለዚህ በዚህች ከተማ ለቤት ኮምፒውተር የሚሆን መብራት እንጀራ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚጠፋው የሰው የቀን ገቢ ነው።

አሁን ወደ ሽቦው እንሂድ።

ድሮ ጅቡቲ መብራቷን የምታገኘው ከነዳጅ ብቻ ነበር። ቡላኦስ ላይ አንድ ጣቢያ አለ፤ ማራቡ ላይም ሌላ። ነዳጅ በመርከብ ይመጣል፤ ሞተር ይነዳል፤ ሞተሩ መብራት ይሰጣል። ወንዝ የላት፣ ግድብ የላት፣ የራሷ ነዳጅ የላት አገር ሌላ ምን ታድርግ? የዓለም የነዳጅ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የቤት ሂሳብ አብሮ ይጨምር ነበር። የጅቡቲ ቆጣሪ በአካባቢው ውድ ከሚባሉት አንዱ ሆኖ የቆየው ለዚህ ነው።

በ2004 ዓ.ም. መባቻ፣ በፈረንጆቹ 2011 መሆኑ ነው፣ ከኢትዮጵያ የተዘረጋው መስመር ተመረቀ። የአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ ሰጥቶበታል። 230 ኪሎ ቮልት የሚሸከም፣ ወደ 280 ኪሎ ሜትር የሚሆን መስመር ነው። ከድሬዳዋ በአዲጋላ በኩል ይመጣል። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ከምትጠቀመው መብራት ትልቁ እጅ የኢትዮጵያ ውሃ የሚያመነጨው ሆነ።

በዚህ ነገር ውስጥ ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ አንድ መገጣጠም አለ። ጅቡቲ ክሊም አብዝታ የምትከፍተው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ያ ወቅት ክረምት ነው፤ ዝናቡ ይወርዳል፣ ወንዙ ይሞላል፣ ግድቡ ይጠግባል። ጅቡቲ በምትቃጠልበት ወር ጎንደርና ጅማ ውሃ ይወርድባቸዋል። የአንዱ አገር ዝናብ ለሌላው አገር ሐሩር ይደርስለታል። ሁለቱን በሽቦ ማገናኘት እንደሚገባ ያሰቡት መሐንዲሶች እውነትም አስበዋል፤ ምስጋና ይገባቸዋል።

ነገር ግን በአንድ ገመድ የተንጠለጠለ ነገር ገመዱ ሲነቃነቅ አብሮ ይነቃነቃል።

በግንቦት 2011 ዓ.ም. የሆነውን የአዲስ አበባ ሰው ያስታውሰዋል። በኦሞ ወንዝ ላይ ያለው የጊቤ ሦስት ግድብ ውሃው ከሚጠበቀው በታች ወረደ። ጊቤ ሦስት 1870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ትልቅ ግድብ ነው፤ እሱ ሲጎድል አገር ይጎድላል። በጊዜው የውሃ፣ መስኖና ኢነርጂ ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ስለሺ በቀለ ከ470 ሜጋ ዋት በላይ ጉድለት መኖሩን ለሕዝብ ተናገሩ። መብራት በፈረቃ ሆነ። ፋብሪካውም፣ ወፍጮ ቤቱም፣ ፀጉር ቤቱም፣ ኢንተርኔት ካፌውም ተራውን ጠበቀ። ወደ ጅቡቲና ወደ ሱዳን የሚላከውም መብራት ተነካ። ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ሐይቅ ሲጎድል ቀይ ባሕር አፍ ላይ ያለ ሰው ላብ ያጠምቀዋል። የሽቦው ትስስር እስከዚህ ድረስ ነው።

ፈረቃው እንኳን አስቀድሞ ይነገራል፤ ሰው ይዘጋጅበታል። ክፉው ድንገት የሚመጣው ነው። የረጅሙ መስመር ነገር ልንገራችሁ። መብረቅ ሲመታው ወይም አንዱ ማከፋፈያ ጣቢያ ሲታወክ መከላከያው መስመሩን ይቆርጠዋል። መቁረጡ ጥፋት አይደለም፤ ባይቆርጥ ኖሮ ትላልቆቹ ትራንስፎርመሮች ይቃጠሉ ነበር። መስመሩ በተቆረጠ ቅጽበት ግን ከተማዋ የምትጠቀመው የመብራት ትልቁ እጅ ይጠፋል። የቀሩት የነዳጅ ሞተሮች ያን ሁሉ ሸክም በአንድ ጊዜ መሸከም አይችሉም። መብራቱ በሰከንድ 50 ጊዜ መመላለስ ሲገባው መመላለሱ እየዘገየ ይሄዳል፤ ሞተሮቹም ራሳቸውን ለማዳን ከመስመር ይወጣሉ። ከዚያ ከተማዋ ትጨልማለች። ሞተሮቹ እንደገና ይነሳሉ፤ ሰፈር በሰፈር ይለቀቃል፤ አንዳንዴ የተለቀቀው ሰፈር ክሊሙንና ፍሪጁን ሁሉ ክፍት እንዳደረገ ስለሚጠብቅ ሸክሙ ይከብድና እንደገና ይወድቃል። መብራት መጣ፣ ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ የምንለው ይህ ነው። አብዛኛው የቤት ኮምፒውተር የሚያልቀው በዚህ መመላለስ መሃል ነው።

ጎረቤቴ የገጠማት እንዲህ ነበር። ባልባላ ነው የምትኖረው፤ ሁለት ልጆች አሏት፤ ለትራንዚተሮች የዕቃ ዝርዝር እየሠራች ነው የምታሳድጋቸው። አንድ የሰኔ ማታ ሥራዋን ልትጨርስ ጥቂት ሲቀራት መብራት ሄደ። ጨለማው ውስጥ ሻማ ለኩሳ ጠበቀች፤ ልጆቹን ወደ ጣሪያው አስወጣቻቸው፤ ሙቀቱ ከቤት ውስጥ አያስቀምጥም። መብራት መጣ። ኮምፒውተሩን ከፈተች። ሄደ። መጣ። ሄደ። በመጨረሻው ሲመጣ አምፖሉ ከወትሮው ይልቅ ቦግ ብሎ በራ። ከጠረጴዛው ሥር ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ የተቃጠለ ነገር ሽታ።

በማግስቱ ኬዙን ተሸክመን ወደ ካርቲዬዎቹ ወረድን። ካርቲዬ የሚሏቸው የድሮዎቹ የከተማዋ ሰፈሮች ናቸው፤ ከ1 እስከ 7 በቁጥር ይጠራሉ። እዚያ አንድ ጠጋኝ አለ፤ የድሬዳዋ ሰው ነው፣ ፀጉሩ ሸብቷል። ሱቁ ከቁም ሣጥን አይሰፋም። ኬዙን ፈታ፤ ፓወር ሰፕላዩን አወጣ፤ አሸተተው። ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

«አቦ፣ መብራት ሲሄድ አይደለም የተቃጠለው» አላት። «ሲመለስ ነው።»

«ጋሼ፣ እንዴት አወቁ?» አለችው።

አሳያት። መግቢያው ላይ ክብ፣ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ነገር አለ፤ ቫሪስተር ይባላል። ከመጠን በላይ የሆነ ቮልቴጅ ሲመጣ ራሱን መስዋዕት አድርጎ ሌላውን የሚያድን ነው። ለሁለት ተሰንጥቋል። ፊውዙም ጥቁር ሆኗል። «ይሄ ቀድሞ ሞተልሽ» አላት። «ባይሞት ኖሮ ማዘርቦርዱ ነበር የሚሄደው። ሃርድ ዲስክሽ ደህና ነው፤ አይዞሽ።» እሷም የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀች፤ የሳምንቱ ሥራዋ ዲስኩ ውስጥ ነበርና።

ያ ሰው ያን ቀን የነገረንን ነገር ሁሉም የሰፈሬ ሰው ቢሰማው ብዬ ነው ይህን ትረካ የምተርከው።

መጀመሪያ የነገረን ስለ ፓወር ሰፕላዩ ነው። ውስጡ ትልቅ ካፓሲተር አለ፤ ትንሽ እንስራ በሉት። ቧንቧው ለቅጽበት ቢቋረጥ እንስራው ውስጥ ያለው ያደርሳል። ግን የሚያደርሰው እስከ 16 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፤ ሚሊ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺኛ ነው። የእኛ መብራት አንድ ምልልሱ 20 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። እንግዲህ አምፖሉ ብልጭ ብሎ ሲመለስ እናንተ ዓይናችሁን ሳታርገበግቡ እንስራው ደርቋል፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንደገና ተነስቷል። ዩፒኤስ የሚሉት ባለባትሪ ሣጥን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ደህና ዩፒኤስ መብራት መጥፋቱን አውቆ ወደ ባትሪ ለመዞር ከ10 ሚሊ ሰከንድ ያልበለጠ ይበቃዋል። እንስራው ሳይደርቅ ይደርሳል።

ሁለተኛው ከሁሉ የከነከነኝ ነው። ስለ ኒውትራል ሽቦ ነገረን። ሰፈር የሚገባው መስመር ሦስት ፌዝና አንድ ኒውትራል አለው። በፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ቮልት ነው፤ ቤታችን የሚገባው እሱ ነው። በፌዝና በፌዝ መካከል ግን 380 ነው። ኒውትራሉ ከምሰሶው ላይ ቢላላ ወይም ቢበጠስ ቤቶቹ እርስ በርስ ይያያዙና ያን 380 ይከፋፈሉታል። የሚከፋፈሉት ግን እኩል አይደለም። ብዙ ዕቃ የከፈተው ቤት፣ ክሊምና ምድጃ ያለው፣ ቮልቴጁ ይወርድበታል። ጥቂት ዕቃ የከፈተው ቤት ቮልቴጁ ይወጣበታል። 300ም ከዚያ በላይም ሊደርስ ይችላል።

ይህን ቆም ብላችሁ አስቡት። አንድ አምፖልና አንድ ኮምፒውተር ብቻ ያለው ቤት ነው ከሁሉ ከፍ ያለውን ቮልቴጅ የሚቀበለው። ያቺ ክሊም መግዛት ያልቻለች፣ ልጆቿን ጣሪያ ላይ የምታስተኛ እናት ቤት ማለት ነው። ድህነቱ አንሶ ጉዳቱም ወደ እሷ ያዘነብላል። በጨው አየር የዛገ አንድ ማያያዣ ምሰሶ ላይ ያለ ጠባቂ ሲቀር ፍርዱ እንዲህ ሆኖ ይወርዳል።

ምልክቱን ጠጋኙ በጣቱ እየቆጠረ ነገረን፤ እኔም እነግራችኋለሁ። አምፖላችሁ ከወትሮው ደምቆ የጎረቤት ከደበዘዘ፣ ወይም የእናንተ ደብዝዞ የጎረቤት ከደመቀ፣ ምንም ነገር አትጠይቁ፤ ዋናውን ብሬከር አውርዱ። ከዚያ ለመብራት ኃይሉ ሰው ደውሉ፤ እስኪጠገን ድረስም አታንሱት። ምሰሶ ላይ ራሳችሁ እንዳትወጡ፤ ሰው ሞቶበታል።

ጎረቤቴ «ታዲያ ዩፒኤስ ነበረኝ እኮ፤ ለምን አላዳነኝም?» ብላ ጠየቀችው። እውነቷን ነው፤ ነበራት። የገዛችው ከጥቂት ዓመት በፊት ነው፤ መብራት ሲሄድ ጲ ጲ ብሎ ወዲያው ስለሚጠፋ የኮምፒውተሩን ገመድ ከግድግዳው ጋር በቀጥታ አያይዛ ትታዋለች።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ወደ ሙቀቱ ተመለስን። በአብዛኛው የቤት ዩፒኤስ ውስጥ ያለው የታሸገ የእርሳስ ባትሪ ነው፤ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት። ፋብሪካው ዕድሜውን ሲናገር 25 ዲግሪ ባለው ክፍል አስቦ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ገደማ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። አራት ዓመት የተባለው በ35 ዲግሪ ሁለት ዓመት ነው፤ በ45 ዲግሪ አንድ ዓመት። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ የባልባላ ክፍል ከሰዓት በኋላ ስንት እንደሚደርስ የኖረበት ያውቀዋል። ዩፒኤሱ ራሱም ሲሠራ ይሞቃል፤ ያ ደግሞ ሲጨመርበት። ሰው «የቻይና ዕቃ ነው» እያለ ዕቃውን ይረግማል፤ ጥፋቱ ግን የአየሩ ነው። ሌላው ነገር ደህና ሆኖ ባትሪው ብቻ ሞቶ የተጣለ ዩፒኤስ በዚህች ከተማ ስንት እንዳለ ጠጋኙ ጥግ ላይ የተከመረውን አሳየን። ባትሪው ለብቻው ይሸጣል። ሁለት ማያያዣ ነቅሎ ሁለት ማያያዣ መሰካት ነው፤ ቀዩ ከቀዩ፣ ጥቁሩ ከጥቁሩ። ዩፒኤሱን ከግድግዳ ነቅሎ መጀመር ብቻ ነው ጥንቃቄው። ያረጀውን ባትሪ ግን ቆሻሻ ላይ አትጣሉት፤ እርሳስ መርዝ ነው፤ ልጆች ይጫወቱበታል። ሻጩ ይወስደዋል።

አቅሙንም በልክ እንወቀው። ላዩ ላይ 650 ቪኤ የሚል ዩፒኤስ የሚሸከመው 360 ወይም 390 ዋት ያህል ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ አይደሉም። ባትሪው ውስጥ ያለው በወረቀት 84 ዋት ሰዓት ነው፤ በፍጥነት ሲቀዳ ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ኮምፒውተሩና ስክሪኑ 150 ዋት ቢወስዱ የምታገኙት ደቂቃዎችን ነው። ስለዚህ ዩፒኤስ ሥራ የሚቀጥሉበት አይደለም። ሥራውን አስቀምጦ፣ ማሽኑን በወጉ አጥፍቶ ለመነሳት ነው። መብራት እንደ ሄደ «ይመለሳል» ብሎ መሥራት የሚቀጥል ሰው ባትሪውንም ሥራውንም በአንድ ላይ ያጣል። ክሊም፣ ፍሪጅ፣ ሌዘር ፕሪንተር ከዩፒኤስ ጋር አይያያዝም፤ ሌዘር ፕሪንተር ወረቀት ለማሞቅ የሚስበው ብቻውን ይጥለዋል። ምሽት ላይ መብራቱ ለሚደክምበት ሰፈር ደግሞ ቮልቴጁን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያስተካክል ስታቢላይዘር በውስጡ ያለውን ምረጡ። ዋጋው ትንሽ ይጨምራል፤ ባትሪውን ግን በየምሽቱ ከመጨረስ ያድናል።

ስለ ጄኔሬተርም አንድ ነገር። እዚህ ግሩፕ ይሉታል። ትንሹና ርካሹ ጄኔሬተር ፍሪጅ ሲነሳበት ይንገዳገዳል፤ ሲንገዳገድ የመብራቱ ምት ይዛባል። ብዙ ዩፒኤስ እንዲህ ያለውን መብራት አልቀበልም ብሎ ባትሪው ላይ ይቆያል፤ ጄኔሬተሩ እየጮኸ ባትሪው ያልቃል። ኢንቨርተር ያለው ጄኔሬተር ይህን ችግር አያመጣም። የትኛውም ቢሆን ግን ቤት ውስጥ፣ በረንዳ ላይ፣ መስኮት ሥር አይነሳ፤ ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለበት።

የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁ እንዲህ ነው። ጅቡቲ ውስጥ ቤቱ ሆኖ የሚጽፍ፣ ሂሳብ የሚሠራ፣ የሚማር ሰው ላፕቶፕ ይግዛ። ላፕቶፕ ባትሪው ከራሱ ጋር ነው፤ ቻርጀሩም ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ ስለሚቀበል በደከመ መብራት አይረበሽም። ደስክቶፕ የሚያስፈልገው ቪዲዮ ለሚቆርጥና ለመሳሰለው ብቻ ነው። የላፕቶፑም ባትሪ ሙቀት አይወድም፤ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ከግድግዳ ጋር ተሰክቶ ሲውል ቶሎ ያረጃል፤ ብዙዎቹን ላፕቶፖች በ80 በመቶ መሙላት እንዲያቆሙ ማዘዝ ይቻላል። ለኢንተርኔቱ ራውተር ደግሞ ስልክ ከሚያህል ትንሽ ባለ 12 ቮልት ዩፒኤስ በላይ አያስፈልግም፤ ለሰዓታት ያቆየዋል።

ሌላም አለ፤ ሰው የማያስበው። ክሊም ባለበት ክፍል የቆየ ማሽን ብረቱ ቀዝቅዟል። መብራት ሲሄድ ሙቀቱን ሽሽት መስኮት ይከፈታል፤ የባሕሩ ወበቅ ይገባል፤ በቀዘቀዘው ብረት ላይ ላብ ሆኖ ይወርዳል። ጨው ያለበት ላብ ነው። መብራት ሲመለስ ወዲያው የሚከፍተው ሰው እርጥብ ሰሌዳ ላይ መብራት እየለቀቀ ነው። ጠጋኙ እንዲህ አረንጓዴ ዝገት የበላቸውን ቦርዶች አሳይቶናል። እንግዲህ ሥርዓቱ ይህ ነው። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ከግድግዳ ንቀሉ። ዲቫይደሩን ማጥፋት አይበቃም፤ ንቀሉት። መብራት ሲመለስ ክሊሙና ፍሪጁ ይነሱ፣ አምፖሉ ይረጋ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቃችሁ ሰኩ። ጎረቤቴ ያን ማታ ይህን አውቃ ቢሆን ኖሮ ጧ የሚለው ድምፅ አይሰማም ነበር።

አሁን ከባልባላ ወጥተን እንደገና ወደ ትልቁ ሽቦ እንመልከት፤ ተስፋም አለና። በጳጉሜን 2015 ዓ.ም. ጅቡቲ ውስጥ ጎቤት ላይ የነፋስ ጣቢያ ተመርቋል። 17 ማማዎች አሉት፤ 60 ሜጋ ዋት ያህል ያመነጫል። ሰውን የሚያስጨንቀው ነፋስ መብራት ሲሰጥ ማየት ያስደስታል። ከኢትዮጵያም በሰመራ በኩል የሚመጣ ሁለተኛ መስመር እንዲዘረጋ የአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ ፈቅዷል፤ አንዱ መስመር ሲቆረጥ ሌላው እንዲደርስ ነው ሐሳቡ። በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 5150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው የኅዳሴው ግድብ ተመረቀ። የውሃው ነገር እንደዚያ ዘመን በጊቤ ሦስት ላይ ያን ያህል የተንጠለጠለ አይደለም።

ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ከልቤ ደስ ይለኛል። ግን የጎረቤቴን ፓወር ሰፕላይ ያቃጠለው የግድብ ማነስ አይደለም። ከሰፈሩ ትራንስፎርመር እስከ ቤቷ ባለው በመጨረሻው መንገድ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። 230 ኪሎ ቮልቱ ባለቤት አለው፤ መሐንዲስ ይጠብቀዋል፤ ባንክ ያበድረዋል። ምሰሶው ላይ ለዛገው ማያያዣ የሚደርስ ሰው ነው የጎደለው። በሁለቱም አገር ያላችሁ፣ ስለ መብራት የምትወስኑ ሰዎች፣ የረጅሙ መስመር በጀት ሲጸድቅ የአጭሩም ይታሰብ። የባልባላን ኒውትራል በየዓመቱ ካምሲን ሳይነሳ አስፈትሹ። የሚጠይቀው መሰላል፣ ቁልፍና ሁለት ሠራተኛ ነው። የሚያድነው የስንት ቤት እንጀራ ነው።

እናንተም ከአዲስ አበባ፣ ከድሬዳዋ፣ ከአረብ አገር ለዘመድ ኮምፒውተር የምትልኩ ወገኖቼ፣ ባዶውን አትላኩት። አብሮት ደህና ዩፒኤስ ይሂድ፤ ያ ካልሆነ ደስክቶፑ ቀርቶ ላፕቶፕ ይሁን። በጅቡቲ የምትኖሩ ደግሞ ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ሥራችሁን አስቀምጡ፣ ኮምፒውተሩን እንደበራ ተዉት፣ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳ ንቀሉ። አምስት ደቂቃ ከቆመ ለጊዜው ደህና ናችሁ። ወዲያው ከጠፋ ሰኔ ሳይገባ ባትሪውን ቀይሩት።